ሆድ የከፈለው የፍጥነት ዕዳ፦ የአንዲት አማተር የረጅም ርቀት ትራያትሎን ተወዳዳሪ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የረጅም ርቀት ትራያትሎን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት እና 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ በአንድ ቀን ተከታትለው የሚጠናቀቁበት ውድድር ነው። አብዛኞቹ አዘጋጆች ለሦስቱ በድምሩ የሚሰጡት ጊዜ 17 ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነው። ብዙ አማተሮች ውድድሩን ሲያቋርጡ ምክንያታቸውን በአንድ ቃል «ሆዴ» ብለው ይገልጹታል፤ ይህ ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ የችግሩን መገለጫ እንጂ መነሻ አይናገርም። እዚህ የምጽፈው ጉዳይ እንደዚያው በሆድ የተጀመረ ነው። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ቦታ መሆኑን ለማወቅ አምስት ወር ያህል ወስዶብናል፤ ከጠፋው ጊዜም የበዛው የጠፋው በእኔ ስሕተት ነው። በበጎ ፈቃድ አሠልጣኝነት ከተወዳዳሪዋ ጋር ለሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ጉዳዩን የምጽፈው በእርሷ ፈቃድ ሲሆን ስሟንና የተወዳደረችበትን ቦታ አልጠቅስም።

የኋላ ታሪክ

ተወዳዳሪዋ ሥልጠና ስትጀምር የ41 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት እና የሙሉ ጊዜ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች። ክብደቷ 58 ኪሎ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ማራቶን በ4 ሰዓት አካባቢ ጨርሳለች፤ ዋና የተማረችው ግን ካደገች በኋላ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ከፍጥነት ይልቅ መረጋጋት ነበር የሚያስፈልጋት። በብስክሌት በኩል ለአንድ ሰዓት ያህል ልትገፋበት የምትችለው ከፍተኛ አማካይ ኃይል በፔዳል መለኪያ ሲታይ 190 ዋት ነበር። ይህን ቁጥር ከዚህ በኋላ «የአንድ ሰዓት አቅም» እለዋለሁ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እርሱ ነው።

በሳምንት በአማካይ 13 ሰዓት ትሠለጥን ነበር። መርሐ ግብሩን አንድም ቀን አላስተጓጎለችም፤ ታታሪነቷ በኋላ ችግሩን ለማየት እንቅፋት ሆነብን። እንዲህ የምትሠራ ሰው ስትወድቅ «ከሰውነቷ ጋር የማይስማማ ነገር በልታ ነው» ማለት «አካሄዷ ተሳስቷል» ከማለት ይቀላልና።

የመጀመሪያው ውድድር

በውድድሩ ዕለት የአየሩ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። ዋናውን በ1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ጨረሰች። መነሻው ላይ በተገፋፋ ሕዝብ መካከል ትንፋሿ ተዛብቶ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጀርባዋ ተንሳፍፋ ቆይታለች። ብስክሌቱን በ6 ሰዓት ከ31 ደቂቃ አጠናቀቀች። ከብስክሌት ስትወርድ ፊቷ ገርጥቶ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ቀበቶዋን ለመፍታት ስትታገል አየኋት። ሩጫው ላይ 9ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አስመለሳት፤ ከዚያ በኋላ ውኃ እንኳ አልረጋላትም። 23ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሕክምና ቡድኑ ድንኳን ደርሳ ተቀመጠች፤ ከዚያም ውድድሩን አቋረጠች። በማግስቱ የነገረችኝ ቃል ይህ ነበር፦ «እግሬ አለ፤ የከዳኝ ሆዴ ነው።»

እኔም ቃሏን እንዳለ ተቀበልኩ።

የተሳሳተው ምርመራ

ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ሥራችን ሁሉ ምግብ መለዋወጥ ሆነ። የጄል፣ ማለትም በጉዞ ላይ የሚወሰድ ወፍራም የካርቦሃይድሬት ምግብ፣ ዓይነት ሦስት ጊዜ ቀየርን፤ ከውድድር በፊት የሚበላውን ቁርስ ለወጥን፤ በየሰዓቱ የጨው እንክብል እንድትወስድ አደረግን። በሥልጠና ላይ ሁሉም ተስማማት። የሚያሳስተውም ይኸው ነበር፤ በሥልጠና ላይ ስትጋልብ ልቧ በደቂቃ 130 አካባቢ ይመታ ስለነበር ያ ቀድሞውንም ያስመለሳት ጄል ራሱ ቢሰጣት እንኳ ያለ ችግር ይወርድላት ነበር።

በዚሁ ጊዜ ከሁሉ የከፋውን ስሕተት ሠራን። ችግሩ ከፈሳሽ ማነስ ሊሆን ይችላል ብለን ስላሰብን በአንድ ቀዝቃዛ ቀን፣ በአምስት ሰዓት ጉዞ ላይ በየሰዓቱ 1.4 ሊትር እንድትጠጣ ነገርኳት። ስትጨርስ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነበራት። የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ጠብቆ በሳሙና እንኳ አልወጣም፤ ከቀለበቱ በላይ ያለው ሥጋ አብጦ ይታያል። ሚዛን ላይ ስትወጣ ከጠዋቱ 58.0 ኪሎ ወደ 59.1 ከፍ ብላለች። አምስት ሰዓት ሙሉ ጋልቦ ክብደት የጨመረ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ መጠጣቱ ግልጽ ነው። ወደ ሕክምና ወሰድናት፤ የደሟ የሶዲየም መጠን ከመደበኛው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ135 ሚሊሞል፣ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ መጠጥ እንድትገታ አዟት በማግስቱ ተስተካከለች።

ይህን በአጭሩ ማለፍ አልፈልግም፤ በረጅም ርቀት ስፖርት ሰው የሚገድል ስሕተት ነውና። በረጅም እንቅስቃሴ ጊዜ ሰውነት ውኃ በሽንት እንዳይወጣ የሚይዘውን ሆርሞን ሊያመነጭ ስለሚችል ከላብ በላይ የተጠጣው ውኃ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ደሙም ይቀጥናል። ነገሩ ሲብስ ውኃው ወደ አንጎል ሕዋሳት ገብቶ እብጠት ያስከትላል። የጨው እንክብል ከመጠን በላይ የሚጠጣን ሰው አያድነውም። ይበልጥ አደገኛ የሚያደርገው ደግሞ የመጀመሪያ ምልክቶቹ፣ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት፣ ከጥም ምልክቶች ጋር መመሳሰላቸው ነው፤ በአጠገቡ ያለ ሰው አዝኖ ተጨማሪ ውኃ ያቀብለዋል። ሰውነቷ ትንሽ የሆነና ውድድሩን በዝግታ የምትጨርስ ሴት ለዚህ ይበልጥ ተጋላጭ ናት፤ ላቧ ያነሰ፣ የመጠጫ ጊዜዋ ግን ረጅም ነውና። ይህን ማወቅ የነበረብኝ ከዚያ ቀን በፊት ነው።

መዝገቡን እንደገና ማንበብ

ከዚያ በኋላ ምግቡን ትተን በመጀመሪያው ውድድር የተመዘገበውን የብስክሌት መረጃ በየሰዓቱ ከፋፍለን አየነው። እስከዚያ ቀን የተመለከትነው አማካዩን ብቻ ነበር፤ አማካዩ 132 ዋት ሲሆን ይህም የአንድ ሰዓት አቅሟ 69 በመቶ ስለሆነ ፍጹም ተገቢ ይመስል ነበር። በየሰዓቱ ሲታይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት አማካይዋ 158 ዋት፣ ማለትም የአቅሟ 83 በመቶ ሲሆን፣ በአንዳንድ ዳገቶች ላይ ከ230 ዋት ያለፈችበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ሰዓት 150 ነበር። ከዚያ ቁጥሩ ያለማቋረጥ እየወረደ በስድስተኛው ሰዓት 104 ላይ ደርሷል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ስጠይቃት የመጀመሪያው ሰዓት «ምንም ያልገፋሁበት» ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው። ከውኃ የወጣ ሰው ልቡ ከፍ ብሎ ስለሚመታና እግሮቹ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳይደክሙ ስለቆዩ 158 ዋት እንደ 120 ሆኖ ይሰማዋል። በዚያ ላይ ከኋላ የሚመጡት ሲያልፉት አብሮ ይሳባል። በዚህ ሰዓት ስሜት የሚታመን መለኪያ አይደለም።

በዚያው ሰዓት ሆዷ ውስጥ የሆነው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ሰውነት ጠንክሮ ሲሠራ፣ በተለይም በሙቀት፣ ደሙ ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ለአንጀት የሚደርሰው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጨጓራም የያዘውን ወደ ታች የሚለቅበት ፍጥነት ይዘገያል። እርሷ ደግሞ በዚያው ሰዓት መመገብ ጀምራለች። የያዘችው አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ 240 ግራም ካርቦሃይድሬት የሟሟበት ነበር፤ ዕቅዱ በየመጠጥ ጣቢያው ንጹሕ ውኃ እየተቀበለች እንድታቀጥነው ነው። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ስትጓዝ ሁለት ጣቢያ ላይ የተዘረጋላት ጠርሙስ ከእጇ አምልጧል። ስለዚህ ከ30 በመቶ በላይ የሆነ ሽሮፕ የመሰለ ፈሳሽ ደም ወዳነሰው አንጀት ገባ። እንዲህ ያለ ውህድ ከሰውነት ውኃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ሆዷ የተነፋው በዚህ ነው።

ሦስተኛ ነገርም ነበር። በሰዓት 80 ግራም ያህል ትወስድ ነበር፤ ሁሉም ግሉኮስን ብቻ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ግሉኮስ በአንጀት ግድግዳ የሚያልፍበት መንገድ በሰዓት 60 ግራም አካባቢ ሲደርስ ይሞላል። ፍሩክቶስ በሌላ መንገድ ስለሚያልፍ ሁለቱ ሲቀላቀሉ በሰዓት እስከ 90 ግራም መጠቀም ይቻላል። የእርሷ ትርፍ 20 ግራም ግን በየሰዓቱ አንጀቷ ውስጥ ይጠራቀም ነበር።

ሦስቱ ምክንያቶች እኩል ክብደት አላቸው ብዬ አላምንም። የመጀመሪያው፣ የፍጥነቱ ነገር፣ ሌሎቹን ሁለቱን ወደ አደጋ የቀየረ ነው፤ ያው ጠርሙስ በሥልጠና ላይ አስመልሷት አያውቅምና።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ ለብስክሌቱ የኃይል ጣሪያ አበጀን። በመጀመሪያው ሰዓት ከ120 ዋት አካባቢ እንዳታልፍ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 130 እንድትወጣ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ምንም ቢሆን 165ን እንዳትሻገር ተስማማን። ይህን መቀበል ከብዷት ነበር። ያሳመናት የአየር ተቃውሞ ስሌት ነው፦ በሜዳ ላይ አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነት ሦስተኛ ርቢ (ፍጥነት × ፍጥነት × ፍጥነት) ጋር ስለሚያድግ ፍጥነትን በ10 በመቶ ለመጨመር ለአየሩ ብቻ አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። በመጀመሪያው ሰዓት ያባከነችው ጉልበት የገዛላት ጊዜ ትንሽ ነው፤ ያንኑ ጊዜ ከሩጫው በፊት፣ እዚያው ብስክሌቱ ላይ መልሳ ከፍላዋለች።

ሁለተኛው የላብ ልኬት ነው፤ ሚዛንና ወረቀት ብቻ ይበቃዋል። ለሁለት ሰዓት በውድድሩ ፍጥነት ጋለበች፤ ከመነሳቷ በፊት 58.2 ኪሎ፣ ከተመለሰች በኋላ ላቧን አድርቃ 57.1 ኪሎ ነበረች። በመካከሉ 0.8 ሊትር ጠጥታለች፤ ሽንት አልሸናችም። የቀነሰው 1.1 ኪሎና የጠጣችው 0.8 ሊትር ሲደመሩ 1.9 ሊትር ይሆናል፤ በሰዓት 0.95 ሊትር ማለት ነው። ልኬቱን በተለያየ የአየር ሁኔታ አራት ጊዜ ደጋገምን። ከዚህ ተነስተን ለሞቃት ቀን በሰዓት 0.7 ሊትር ወሰንን፤ የላቧን ያህል ለመተካት ሆን ብለን አልሞከርንም። ጥቂት ክብደት ቀንሳ መጨረሷ የሚጠበቅ ነው።

ሦስተኛው አንጀትን ማለማመድ ሲሆን አሥር ሳምንት ወሰደ። የግሉኮስና የፍሩክቶስ ቅልቅል በሁለት ለአንድ ምጣኔ ይዛ በሰዓት ከ40 ግራም ጀመረች፤ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት እየጨመረች 70 ላይ ደረሰች። ከዚህ ውስጥ 50 ግራሙ በ0.7 ሊትር መጠጥ ውስጥ የሟሟ ነው፤ ይህም 7 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከጨጓራ በቀላሉ ይወርዳል። ቀሪው 20 ግራም ከጄል ይመጣል። ወሳኙ ነገር ልምምዱ በውድድሩ ፍጥነትና እኩለ ቀን ላይ መደረጉ ነው፤ በጠዋት ቅዝቃዜና በዝግታ የተፈተነ ምግብ እንዳልተፈተነ ቆጠርነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላም ወዲያው ለ40 ደቂቃ ትሮጥ ነበር፤ ሆድ የሚመሰክረው መንገጫገጭ ሲጀምር ነው።

ለዋናው ደግሞ ክፍት ውኃ ላይ ስምንት ጊዜ ወጣን፤ ሁልጊዜም ከሌሎች ዋናተኞች ጋር ተጠጋግተን። በትራያትሎን ውድድር ላይ ከሚደርሱ ሞቶች አብዛኞቹ በዋናው ክፍል ስለሚከሰቱ መነሻው ላይ የትንፋሽ መዛባት ያጋጠመውን ሰው ቀላል ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ከሥልጠናው በፊት የልብ ምርመራ እንድታደርግ አድርገናል፤ ጤነኛ ነበረች።

ያልሠራው

የ34 ኪሎ ሜትር ረጅም ሩጫ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ማስገባቴ ስሕተት ነበር። ከዚያ ሩጫ በኋላ የቅልጥሟ አጥንት በጣት ሲነካ የሚያም ቦታ ስላበጀ ሐኪም ለሦስት ሳምንት ሩጫ ከለከላት። ስትመለስ ከ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ሩጫ አላደረገችም፤ ለመጨረሻው ውጤትም ምንም አላጎደለባትም።

ሌላው እንቅልፍ ነው። ከሥራና ከልጆች በፊት ለመሠልጠን ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳ ስለነበር የምትተኛው ከአምስት ሰዓት ተኩል አይበልጥም ነበር። የሳምንቱን ሥልጠና ከ13 ወደ 11 ሰዓት ስናወርደው የጠዋት የልብ ምቷ ዝቅ አለ፣ በብስክሌት የምታወጣው ኃይልም አልቀነሰም። ቀደም ብዬ ባደርገው ኖሮ ብዬ የምቆጨው በዚህ ነው። ከባለቤቷ ጋር ተነጋግረው በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ከሥልጠና ነፃ አድርገዋል፤ ያ ቀን እስከ ውድድሩ ድረስ አልተነካም።

ሁለተኛው ውድድር

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ 29 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቀን፣ ዋናውን በ1 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ጨረሰች። በብስክሌቱ የመጀመሪያ ሰዓት አማካይዋ 121 ዋት ነበር። ብዙ ሰዎች አለፏት፤ በኋላ እንደነገረችኝ ዓይኗን ከመለኪያው ላይ ያላነሳችው ወደ ጎን ብታይ እንደምትሸነፍ ስላወቀች ነው። የቀሩት ሰዓታት ሁሉ ከ126 እስከ 131 ዋት መካከል ነበሩ። ጠቅላላ አማካይዋ 128 ዋት፣ ጊዜዋም 6 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ሆነ። ካቋረጠችበት ውድድር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 4 ዋትና 7 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሩጫውን ግን በ4 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ጨረሰች፤ የመጀመሪያው ግማሽ 2 ሰዓት ከ16፣ ሁለተኛው 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነበር። 23ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ ስጠብቃት ከንፈሯ ላይ ነጭ ጨው ደርቆ ነበር፤ በአንድ እጇ ግማሹ የተበላ ጄል ይዛ፣ ቀለበቷን በሌላው እጇ አውራ ጣት እያዞረች መጣች። ቀለበቱ ያለ ችግር ይዞራል። ይህን ምልክት በየአምስት ኪሎ ሜትሩ እንድታየው ተስማምተን ነበር። ከዋና ወደ ብስክሌት እና ከብስክሌት ወደ ሩጫ የተቀያየረችበትን ጊዜ ጨምሮ ውድድሩን በ12 ሰዓት ከ53 ደቂቃ አጠናቀቀች።

ለሌሎች የሚሆኑ ትምህርቶች

የአንድ ሰው ጉዳይ ስለሆነ ቁጥሮቹን እንዳሉ መውሰድ አይገባም፤ የላብ መጠንም ሆነ የአንጀት አቅም ከሰው ሰው ይለያያል። የሚወሰደው አካሄዱ ነው። ከሁሉ በፊት፣ በሩጫ ላይ የታየ የሆድ ችግር ምክንያቱ ሲፈለግ ፍለጋው ከብስክሌቱ የመጀመሪያ ሰዓት መጀመር አለበት፤ አማካይ ቁጥር ይህን ይሸፍናልና መረጃው በየሰዓቱ ተከፋፍሎ ይታይ። የኃይል መለኪያ የሌለው ሰው የልብ ምቱን ወይም ትንፋሹን መጠቀም ይችላል፦ በመጀመሪያው ሰዓት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካልቻለ ፈጥኗል።

አሠልጣኞችን በተመለከተ፣ አንድ ነገር ስንቀይር ሌላውን ሁሉ ሳይነካ መተው ነበረብን። እኛ ጄሉን፣ ቁርሱንና ጨውን በአንድ ወር ውስጥ ስለቀየርን የትኛው ምን እንዳመጣ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። የተወዳዳሪን ቃል መስማት ተገቢ ነው፤ ይሁንና «ሆዴ» ሲል ሕመሙ የታየበትን ቦታ ነው የነገረን።

መጠጥን በተመለከተ ስፖርቱ ራሱ ከመነሻው ጀምሮ ከዚህ ጥያቄ ጋር ኖሯል። በ1978 በሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዚህ ርቀት ውድድር 15 ሰዎች ተነስተው 12 ጨርሰዋል። ሩጫውን መሪ ሆኖ የጀመረው ጆን ደንባር የደጋፊዎቹ ውኃ አልቆ ቢራ ሲሰጡት ኃይሉ ከዳው፤ ጎርደን ሃለርም አልፎት በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ። ዛሬ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ የመጠጥ ጣቢያ ስላለ ችግሩ ተገልብጧል፤ ለዝግተኛው አማተር የውኃ መብዛት ከማነሱ ያላነሰ ያሰጋዋል። ስለዚህ ማንም ሰው ሚዛን ላይ ሳይወጣ የመጠጥ ዕቅድ አያውጣ፤ ከጉዞ በኋላ ክብደቱ ጨምሮ ያገኘውም መጠኑን ወዲያው ይቀንስ፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም ግራ መጋባት ካለው ደግሞ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ያልተፈታው

በሁለተኛው ውድድር ከ33ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ጣፋጭ ነገር ሁሉ አስጠላት። ማቅለሽለሽ አልነበራትም፤ አፏ ብቻ እምቢ አለ። በመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ኪሎ ሜትሮች ከታቀደው ግማሹን ያህል ነው የወሰደችው፤ ሁለተኛው ግማሽ በ9 ደቂቃ የዘገየውም በከፊል በዚህ ይመስለኛል። አሁን ከአሥር ሰዓት በኋላ ጣዕም የሌለው ካርቦሃይድሬት በሞቀ ሾርባ ውስጥ አሟሙቶ መውሰድን እየሞከርን ነው። እስካሁን ሁለት ረጅም ጉዞ ላይ ፈትነነዋል፤ በአንዱ ወርዶላታል፣ በሌላው ግማሹን አስቀርታለች።